በሁዳዴ ኪዮቶ ለምትሄጂው እህቴ

እህቴ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። «በሁዳዴ ለሥልጠና ኪዮቶ እሄዳለሁ። የድሮ የምግብ ገበያ ማየት እወዳለሁ፤ ግን ጾመኛ ነኝ፣ ዓሣም አልበላም። የምቀምሰው አገኛለሁ?» ብለሽ ነበር የጠየቅሽው። ታገኛለሽ። እኔ ለትምህርት ሁለት ዓመት ኪዮቶ ኖሬአለሁ፤ ሁለቱንም ሁዳዴ የጾምኩት እዚያው ነው።

የምትሄጂው ኒሺኪ ገበያ ነው። መሀል ከተማ ነው፤ ከሺጆ ጎዳና ወደ ሰሜን አንድ መንገድ ገባ ብሎ። ጣሪያ ያለው ጠባብ መንገድ ነው። ርዝመቱ 390 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ግራና ቀኙን ግን ከ100 በላይ ሱቆች ይዘውታል። ከሥሩ ቀዝቃዛ የጉድጓድ ውሃ ስላለ፣ ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን ለዓሣ ነጋዴዎች የሚመች ቦታ ነበር።

ከሁሉ አስቀድሜ ግን ስለ ዳሺ ልንገርሽ። ለኛ ወጥ ቁሌት ምን እንደሆነ ታውቂ የለ? ለጃፓን ምግብም ዳሺ እንደዚያ ነው። ከባሕር ቅጠልና ካትሱዎ ከሚባል የደረቀ ዓሣ የሚወጣ መረቅ ነው። በዓይን አይታይም። ሾርባው ውስጥ አለ፣ የተቀቀለው አትክልት ውስጥ አለ፣ ማጥቀሻው ውስጥም ይገባል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ከአንዲት ትንሽ ሱቅ የተቀቀለ ዱባና ካሮት እየገዛሁ ሁለት ሳምንት በላሁ። የዓሣ መረቅ እንዳለበት ሳውቅ በጣም አዘንኩ። የንስሐ አባቴ ጋ ደውዬ ስነግራቸው «ሳታውቂ ነው ልጄ፣ ከአሁን በኋላ ጠይቂ» አሉኝ። ስለዚህ አንቺም ጠይቂ። «ካትሱዎ ሃይቴማስ ካ?» በያቸው፤ ካትሱዎ አለበት ወይ ማለት ነው። እኔን ሻጮቹ አሰልቺ ነሽ ብለውኝ አያውቁም። እንዲያውም ማሸጊያውን ገልብጠው ያሳዩኝ ነበር።

አሁን ወደ ሚበላው። ዩባን እንዳታልፊ። የአኩሪ አተር ወተት ሲሞቅ ላዩ ላይ የሚይዘው ስስ ነገር ነው፣ ልክ እንደ ስልባቦት። በስሱ አንስተው ይሸጡታል። ትኩሱን በተራ የአኩሪ አተር ሶስ ብቻ ብዪው፤ የተዘጋጀው ማጥቀሻ ዳሺ ይኖረዋል። ቶፉም ደህና ነው። ናማፉ የሚባል ከስንዴ የሚሠራ ለስላሳ ነገርም አለ፤ ሥጋ በማይበሉ የቡድሃ መነኮሳት ማዕድ የቆየ ምግብ ነው። ሁዳዴ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ የቀርከሃ ቡቃያ ይወጣል። የኪዮቶ ሰዎች ይሄን በጉጉት ነው የሚጠብቁት።

እኔ ልቤ የቀረው ግን አትክልት የሚያቦኩት ሱቆች ጋ ነው። በሩዝ ፉርሽካ የተሞላ በርሜል ውስጥ ኪያርና ነጭ ራዲሽ ተቀብሮ ይታያል። ያንን ፉርሽካ በየቀኑ በእጅ ያገላብጡታል፤ ካልነኩት ይበላሻል። በአጠገቡ ሳልፍ የእናቴ ቤት ሊጥ ይሸተኝ ነበር። እናቴም እርሾዋን እንደዚያ ነበር የምትጠብቀው። ሺባዙኬ የሚሉት ሐምራዊው ደግሞ ኮምጠጥ ያለ ነው፤ በሩዝ ብዪው። አንዳንዱ ማቦኪያ ውስጥም ካትሱዎ ይጨመራል፤ ጥያቄሽን አትርሺ።

በዱላ የተሰካ ሥጋና የባሕር ምግብ የሚሸጡት አሁን በዝተዋል። ያ ለጎብኚ ነው፣ ዋጋውም ውድ ነው፤ ዝም ብለሽ እለፊ። እየሄዱ መብላት እዚያ ነውር ነው። የገዛሽውን እዚያው ሱቁ ፊት ቆመሽ ጨርሺ፣ ቆሻሻውንም ለሻጩ መልሺ። መንገድ ላይ የቆሻሻ መጣያ ፈልገሽ አታገኚም።

የሱቆቹ መዝጊያ ላይ የዶሮና የአትክልት ሥዕሎች ታያለሽ። የኢቶ ጃኩቹ ሥራዎች ቅጂ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1716 እዚሁ ገበያ ከአትክልት ነጋዴ ቤት የተወለደ ሠዓሊ ነው። ገበያው ሊዘጋ ሲል ብሩሹን አስቀምጦ ዓመታት የተሟገተለትም እሱ ነው። ሥዕሎቹን ለማየት ሱቆቹ ከተዘጉ በኋላ፣ ማታ ተመለሺ።

ለግዢ ጠዋት 4 ሰዓት አካባቢ በእኛ አቆጣጠር ጥሩ ነው፤ ከቀትር በኋላ መተላለፊያ የለም። 11 ሰዓት ሲሆን ብዙዎቹ መዝጋት ይጀምራሉ። ረቡዕ የሚዘጉ ሱቆች አሉ፤ እሑድ የሚዘጉም አሉ። ጥሬ ገንዘብ ያዢ። የሥልጠናሽን ቀናት ብትጽፊልኝ የትኛው ቀን እንደሚሻልሽ አብረን እናያለን።