አንድ አማርኛ፣ ሁለት እንግሊዝኛ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች «ካን»፣ «ማስት»፣ «ሹድ» እና የመሳሰሉት ረዳት ግሶች ከዋናው ግስና ከመስተዋድድ ጋር እንዴት እንደሚሰካኩ የሚመለከቱ ናቸው። የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር እንደሚሰማው በፊደላችን ጽፈነዋል፤ ድምፅ አውጥተው ቢያነቡት ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ውስጥ በአረጋውያን መንከባከቢያ እሠራለሁ። አለቃዬ «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ካም ኢን ኦን ሳተርደይ» የሚል መልእክት ላከችልኝ። ባልደረባዬ «ቅዳሜ መምጣት የለብሽም ማለት ነው» አለችኝ። ተከልክያለሁ ወይስ እንደ ፈቃዴ ነው?

መልስ፦ እንደ ፈቃድዎ ነው። የባልደረባዎ ትርጉም ስሕተት የለበትም፤ «የለብሽም» የሚለው ቃላችን ራሱ ሁለት ፊት ስላለው ነው የተምታታብዎ። «ግዴታ የለብሽም» ማለት ይሆናል፣ «እንዳትመጪ» ማለትም ይሆናል። እኛ በቃናውና በሁኔታው እንለየዋለን። እንግሊዝኛ ግን ለእያንዳንዱ የተለየ ቃል አለው፤ ክልከላ ቢሆን ኖሮ «ዩ ማስንት ካም ኢን» ይባል ነበር።

ነገሩ ግራ የሚያጋባው «ማስት» እና «ሃቭ ቱ» በአዎንታ ሲነገሩ ትርጉማቸው በጣም ስለሚቀራረብ ነው። አሉታው ሲመጣ ይለያያሉ። «ዶንት ሃቭ ቱ» ላይ የሚፈርሰው ግዴታው ነው፤ መጡም ቀሩም ማንም አይጠይቅዎትም። «ማስንት» ላይ ግን ግዴታው እንዳለ ሆኖ የሚፈርሰው መምጣቱ ነው፤ ማለትም አለመምጣት ግዴታ ይሆናል። አነባበቡንም ይያዙ፦ «ማስት» ላይ የሚሰማው «ት» እዚህ መሐል ላይ ይዋጣል፣ «ማስትንት» አይባልም። አሜሪካኖች በንግግር «ማስንት»ን እምብዛም አይጠቀሙበትም። በሥራ ቦታ ክልከላ የሚሰሙት ይበልጡን በ«ካንት» ነው፦ «ዩ ካንት ፓርክ ሂር»። ስለዚህ መልእክት ሲደርስዎ «ካንት» ካለበት ይቁሙ፣ «ዶንት ሃቭ ቱ» ካለበት ምርጫው የእርስዎ ነው።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ «ትናንት ሆስፒታል መሄድ ነበረብኝ» የሚለውን «አይ ማስት ዌንት ቱ ሆስፒታል» እያሉ ይጽፋሉ። እንዴት ላርመው?

መልስ፦ ከማረምዎ በፊት ተማሪውን «ሄደሃል ወይስ አልሄድክም?» ብለው ይጠይቁት። «ነበረብኝ» እንደ «የለብሽም» ሁለት ፊት አለው። ሄዶ ከሆነ «አይ ሃድ ቱ ጎ» ነው። ሳይሄድ ቀርቶ እየተጸጸተ ከሆነ «አይ ሹድ ሃቭ ጎን» ነው። ሁለቱን ያቀያየረ ሰው ሐኪም ዘንድ ያልሄደውን ሄድኩ፣ የሄደውን አልሄድኩም ብሎ ተናገረ ማለት ነው፤ ይህ በሕክምና ወይም በኢሚግሬሽን ቃለ መጠይቅ ላይ ቀላል ስሕተት አይደለም።

«ማስት» ለግዴታ የኃላፊ ጊዜ መልክ የለውም፤ ኃላፊውን «ሃድ ቱ» ይወስድለታል። «ዌንት»ም ከረዳት ግስ ቀጥሎ መግባት አይችልም፤ ቦታው የጥሬው ግስ፣ የ«ጎ» ነው። በ«ሹድ ሃቭ» ጊዜ የሚከተለው ደግሞ ሦስተኛው የግስ መልክ ነው፦ «ጎን»፣ «ሲን»፣ «ቴክን»፣ «ሪትን»።

አንድ ነገር አደራ የምንለው፦ «ሹድ ሃቭ» በፈጣን ንግግር «ሹዳቭ» ስለሚመስል ብዙ ሰው፣ እንግሊዝኛ አፉን የፈታበትም ጭምር፣ ሲጽፍ «ሃቭ»ን በመስተዋድዱ «ኦቭ» ይተካዋል። በ«ሹድ» እና በዋናው ግስ መካከል ግን «ኦቭ» ምንም ሥራ የለውም። ስለ «ሆስፒታል» ደግሞ፣ አሜሪካኖች «ቱ ዘ ሆስፒታል» ይላሉ፤ እንግሊዞች ሰውየው ታካሚ ከሆነ «ዘ»ን ይተዉታል። አንዱን መርጠው በዚያው ይጽኑ።

ጥያቄ፦ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። «አይ ማስት ቱ ጎ» ስሕተት ነው ተባልኩ። ታዲያ «አይ ማስት ጎ ቱ ስኩል» ላይ «ቱ» ለምን ተፈቀደ?

መልስ፦ ሁለቱ «ቱ»ዎች አንድ ስላልሆኑ ነው። ከግስ በፊት የሚመጣው «ቱ» አርእስቱን፣ እንደኛ «መሄድ»፣ የሚያበጅ ነው፤ ከቦታ በፊት የሚመጣው ግን «ወደ» ማለት ነው። «መሄድ አለብኝ» ስንል «መ» ስላለ፣ እጃችን ሳናውቀው «ቱ»ን ያስገባል። «ካን»፣ «ኩድ»፣ «ሜይ»፣ «ማይት»፣ «ዊል»፣ «ዉድ»፣ «ሹድ»፣ «ማስት» ቀጥለው «ቱ» አይፈልጉም። «ሃቭ ቱ»፣ «ኒድ ቱ» እና «ኦት ቱ» ግን ይፈልጋሉ። የአቅጣጫው «ቱ»ም በ«ሆም»፣ በ«ዜር» እና በ«አብሮድ» ፊት ይወድቃል፦ «አይ ማስት ጎ ሆም»።

እዚያው ላይ ሁለት ነገር ጨምርበት። «ሂ ካን ስፒክስ» አይባልም፣ «ስ» አይጨመርም። «አይ ዊል ካን» አይባልም፤ ከላይ ከተዘረዘሩት ስምንት ረዳት ግሶች ሁለቱ ጎን ለጎን ስለማይቆሙ «ዊል ቢ ኤብል ቱ» ይሆናል።

ጥያቄ፦ ቅጽ ላይ «ባይ ፍራይደይ» እና «አንቲል ፍራይደይ» አያለሁ። ሁለቱም «እስከ ዓርብ» አይደሉም?

መልስ፦ በአማርኛ አዎ፣ ናቸው፤ «ድረስ» ብንጨምርበትም አይለያዩም። የሚለያቸው ግሱ ነው። አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚያበቃ ድርጊት፣ ማስገባት፣ መክፈል፣ መመለስ፣ መጨረስ፣ «ባይ»ን ይወስዳል። ሳይቋረጥ የሚቆይ፣ መጠበቅ፣ መሥራት፣ መቀመጥ፣ «አንቲል»ን። «ዩ ማስት ፔይ ባይ ፍራይደይ» ማለት ከዓርብ እንዳያልፍ ነው፤ ማክሰኞ ቢከፍሉም ደርሰዋል። «ዩ ማስት ስቴይ አንቲል ፍራይደይ» ማለት ግን ማክሰኞ መውጣት አይቻልም ማለት ነው። ሲጠራጠሩ «እስከ»ን አውጥተው «ከዚያ ሳያልፍ» የሚለውን ይተኩበት። ስሜት ከሰጠ «ባይ» ነው፤ «ከዓርብ ሳያልፍ ክፈል» ያስኬዳል፣ «ከዓርብ ሳያልፍ ቆይ» ግን አያስኬድም።

አሉታ ሲገባበት ይጠንቀቁ። «ዘ ኦፊስ ዊል ኖት ኦፕን አንቲል ፍራይደይ» ሲባል ቢሮው ዓርብ ይከፈታል። «እስከ ዓርብ አይከፈትም» ብለው ከተረጎሙት ዓርብ ራሱ ዝግ ይመስላል፤ «ዓርብ ነው የሚከፈተው» ማለት ይሻላል።

ጥያቄ፦ «አይ ዊል ዌይት ዩ» ስል ሁሌም እታረማለሁ፤ ለምን?

መልስ፦ «እጠብቅሃለሁ» ውስጥ ተሳቢው ከግሱ ጋር ስለተዋሐደ መስተዋድድ አይታወሰንም። «ዌይት» ግን ያለ «ፎር» ሰውን አይይዝም። እነዚህን ከነጓደኛቸው ያጥኗቸው፦ «ሊሰን ቱ»፣ «ሉክ አት»፣ «ዲፔንድ ኦን»፣ ነገር ለመለመን ደግሞ «አስክ ፎር»። «ፔይ» ሁለት ዓይነት ነው፤ ለሰው ወይም ለሒሳብ ያለ መስተዋድድ፣ ለዕቃው ግን «ፔይ ፎር ዘ ብሬድ»። በተቃራኒው እኛ «ስለ»፣ «ከ… ጋር»፣ «ለ» የምንልባቸው «ዲስከስ»፣ «ሜሪ»፣ «ኮል» ምንም አይጨመርባቸውም፦ «ዊ ሹድ ዲስከስ ዘ ሬንት»፣ «አይ ዊል ኮል ዩ»።

ረዳት ግሱ «ሹድ» ሆነ «ማይት» ይህን አይለውጠውም፤ መስተዋድዱ የዋናው ግስ ንብረት ነው። በጥያቄም ግሱን ስለማይለቅ መጨረሻ ላይ ይቀራል፦ «ሁ ሹድ አይ ዌይት ፎር?»

ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲገጥምዎ ከአማርኛው ጫፍ ተነሥተው ወደ ኋላ ያንብቡት። «እስከ 12 ሰዓት ጣቢያው ላይ እሱን መጠበቅ አለብህ» ብለን የጨረስንበት «አለብህ» በእንግሊዝኛው መጀመሪያ ላይ ይሆናል፣ ከዚያ ግሱ ከነመስተዋድዱ፣ ከዚያ ቦታው፣ በመጨረሻ ጊዜው፦ «ዩ ሹድ ዌይት ፎር ሂም አት ዘ ስቴሽን አንቲል ሲክስ»። ሰዓቱንም አብረው ይቀይሩ፤ «አንቲል ትዌልቭ» ካሉ ሰውየው 6 ሰዓት ያህል ተጨማሪ ቆሞ ይጠብቃል።