የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የማዳጋስካርና የሞሪሺየስ የፋብሪካ ሠራተኛ

ስለ ሠራተኛ ምርታማነት ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱን መርጫለሁ። ሦስቱ በሕንድ ውቅያኖስ የሚጎራበቱትን ሁለት ደሴቶች ይመለከታሉ። ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመመረቂያ ጽሑፌ የሁለቱን አገሮች የኢንዱስትሪ ሠራተኞች እያነጻጸርኩ ነው። የሞሪሺየሱ ምርታማነት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የማዳጋስካር ሠራተኛ ታታሪ አይደለም ብዬ ልደምድም?

እባክዎ አይደምድሙ። ምርታማነት የሚሰላው ከፋብሪካው ሽያጭ የጥሬ ዕቃና የመሳሰለው ወጪ ተቀንሶ፣ የቀረው ለሠራተኛው ቁጥር ወይም ለሥራ ሰዓቱ ሲካፈል ነው። በዚያ ቁጥር ውስጥ የሠራተኛዋ ትጋት አለበት፤ ማሽኑ፣ መብራቱ፣ መንገዱና ገበያውም አሉበት። የሚጠራው ግን በእሷ ስም ብቻ ነው።

ሞሪሺየስ በ1968 ነፃ ስትወጣ በሸንኮራ አገዳ የምትኖር አገር ነበረች። በ1970 ለውጭ ገበያ የሚያመርቱ ፋብሪካዎችን የሚያበረታታ ሕግ አወጣች። ከ1975 ጀምሮ አውሮፓ ስኳሯን በተረጋገጠ ዋጋ ስለገዛት፣ የአገዳ ባለሀብቶች ከትርፋቸው ወደ ልብስ ፋብሪካ አዞሩ። የሆንግ ኮንግ ባለሀብቶችም የልብስ ኮታ፣ ማለትም ሀብታም አገሮች ከየአገሩ ለሚያስገቡት ልብስ የወሰኑት የመጠን ድርሻ፣ ፍለጋ መጡ። ደሴቲቱ ሁለት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነች ከየትኛውም ፋብሪካ ወደ ፖርት ሉዊስ ወደብ መድረስ ቀላል ነው።

ማዳጋስካር ተመሳሳይ ሕግ ያወጣችው ሃያ ዓመት ያህል ዘግይታ ነው። ብዙዎቹ ፋብሪካዎች በደጋዋ አንታናናሪቮ ዙሪያ ሲሆኑ፣ ዋናው ወደብ ቶአማሲና በመኪና ከ350 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ይርቃል። በ2002 በምርጫ ውዝግብ ይህ መንገድ ተዘጋ፣ ድልድዮች ፈረሱ፣ ፋብሪካዎችም ሥራ አቆሙ። የዚያ ዓመት ምርታማነት ቢወርድ ጥፋቱ የስፌት ሠራተኛዋ ነው? መብራት ሲጠፋም ያው ነው፤ ሰዓቷ ይቆጠራል፣ ሸሚዙ ግን የለም። በ2025 ወጣቶችን አደባባይ ያወጣቸው የመብራትና የውኃ መቋረጥ እንደነበር ያስታውሱ።

ደግሞም የማዳጋስካር ሰዎች ሞሪሺየስ ሄደው በልብስ ፋብሪካ ይሠራሉ። ባሕሩን የተሻገረችው ሴት እጇ ያው የትናንቱ ነው፤ በስታቲስቲክስ ግን «ምርታማ» ከሚባሉት ጋር ትቆጠራለች። ጽሑፍዎ ይህችን ሴት እንዳይዘላት አደራ እላለሁ።

በዶላር ላነጻጽር ወይስ በቁራጭ (በተሰፋ ልብስ) ብዛት?

በሁለቱም፣ ግን ለየብቻ። ቁራጩ የእጅንና የመስመሩን ፍጥነት ያሳያል፤ ዶላሩ የልብሱን ዓይነት፣ ዋጋውንና ምንዛሪውን ይጨምራል። ለአገር ውስጥ ገበያ የሚያመርት ፋብሪካ የአገሩ ገንዘብ ሲረክስ፣ አንድ ሸሚዝ ሳይጎድል በዶላር የተሰላው ምርታማነቱ ይወርዳል።

ሞሪሺየስ ፋብሪካ እየተዘጋባት ምርታማነቷ እንዴት ያድጋል?

የዓለም የልብስ ኮታ በ2005 መባቻ ሲያበቃ የመጀመሪያ ተጎጂዎቹ ርካሽ ልብስ በብዙ ሰው ጉልበት የሚሰፉት ፋብሪካዎች ነበሩ። የተሻለ ማሽንና ውድ ምርት ያላቸው ሲቀሩ አማካዩ ከፍ ይላል። ከሥራ የወጣችው ሴት በአማካዩ ውስጥ የለችም። ስለዚህ ምርታማነት አደገ ሲባል የሠራተኛው ቁጥር ምን ሆነ ብለው አብረው ይጠይቁ።

በአገራችን አንድ ኢንዱስትሪ ፓርክ የስፌት መስመር ተቆጣጣሪ ነኝ። አለቆቻችን ከእስያ ጋር እያነጻጸሩ «ኢፊሸንሲያችሁ ሃምሳ በመቶ ነው» ይሉናል። ልጆቹ ቀና ሳይሉ እየሠሩ ይህ ሲባል ያንገበግበኛል።

እህቴ፣ ስሌቱን አብረን እንየው። 40 ኦፕሬተሮች ስምንት ሰዓት ሲሠሩ 19,200 ደቂቃ ነው። አንዱ ሸሚዝ 20 ደቂቃ ተመድቦለት 480 ሸሚዝ ከወጣ 9,600 ደቂቃ፣ ማለትም ግማሹ ነው። የቀረው ግማሽ ግን የት ሄደ? ጨርቅ ሲጠበቅ፣ ማሽን ሲበላሽ፣ የለመደችው ወጥታ አዲስ ገቢ ስትተካ የባከነም አለበት። ትዕዛዝ ሲቀንስም መስመሩ ይፈዛል። ማዳጋስካር በ2009ኙ የሥልጣን ነጠቃ ሳቢያ ከ2010 እስከ 2014 ከአጎአ፣ ማለትም የአፍሪካ ምርት ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል፣ ስትወጣ ብዙ ሠራተኛ ሥራ አጥቷል፤ እኛም ከጥር 2022 ጀምሮ ከዚያው ዕድል ወጥተናል።

ከነገ ጀምሮ መስመሩ የቆመበትን ደቂቃ ከነምክንያቱ በደብተር ይያዙ፦ ጨርቅ፣ መብራት፣ ማሽን እያሉ። የቆመውን ደቂቃ በ40 አባዝተው ከ19,200 ላይ ይቀንሱ፣ 9,600ንም ለቀሪው እንደገና ያካፍሉና ሁለቱንም ቁጥር ይዘው ስብሰባ ይግቡ።