ጋዜጣ የተጠቀለለበት ጠርሙስ

ጥያቄ፦ ለፋሲካ ከፈረንሳይ የመጣው ወንድሜ ስሙ የገነነ የአምስት ዓመት የሜዶክ (የቦርዶ አካባቢ) ቀይ ወይን ይዞልን መጣ። እኛም ሪፍት ቫሊ ሜርሎ ስለነበረን ጎን ለጎን ቀምሰን ሁላችንም የእርሱን አደነቅን። በማግስቱ ግን እኅቴ የቀሩትን ጠርሙሶች በጋዜጣ ጠቅልላ ስታስቀምሰን፣ ከስድስታችን አራታችን የአገራችንን መረጥን። ወንድሜ «ወይን አታውቁም፣ የእኔው ገና ሲቆይ ነው የሚጥመው» አለን። የትኛውን ቀን እንመን?
አንባቢ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ የሁለተኛው ቀን ይሻላል፤ ሆኖም ወንድምዎን ለመርታት አይበቃም። በመጀመሪያው ቀን ከወይኑ ጋር ስሙንና ዋጋውንም ቀምሳችኋል። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ጥናት፣ 20 ሰዎች ያንኑ ወይን አንዴ የ10፣ አንዴ የ90 ዶላር ነው እየተባሉ ሲቀምሱ ውድ የተባለው ይበልጥ ጥሟቸዋል፤ አንጎላቸው ሲመረመርም ከደስታ ጋር የተያያዘው ክፍል ይበልጥ ሲሠራ ታይቷል። ስለዚህ አድናቆታችሁ ይሉኝታ ብቻ ነበር አልልም።

የሁለተኛው ቀን ጉድለት ግጥሚያው ላይ ነው። የሜዶክ ወይን በአብዛኛው የሚጠመቀው ልጣጩ ወፍራም ከሆነው ካበርኔ ሶቪኞን ከተባለው የወይን ዝርያ ስለሆነ፣ በለጋነቱ ምላስ ያደርቃል፤ ሜርሎ ግን ቀድሞ የሚበስልና ለስላሳ ዝርያ በመሆኑ፣ በዝዋይ ሐይቅ አካባቢ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚለማው የእኛው ሳይቆይ ቢጠጣም አያስከፋም። (እርሻውን ያቋቋመው ካስቴል ራሱ የቦርዶ ኩባንያ ነውና ጠቡ የቤተ ዘመድ ነው።) ሜርሎን ከሜርሎ ለማጋጠም በዚያው በቦርዶ ከሜዶክ ወንዝ ማዶ ካሉት፣ ከሴንት ኤሚልዮን ወይም ከፖምሮል የመጣ ይፈልጉ። ከሞላ ጎደል በሜርሎ ብቻ የሚሠራው ዝነኛው ፔትሩስ የፖምሮል ነው፤ እርሱን ግን ለኪስዎ ሲሉ ይተዉት።

«ሲቆይ ነው የሚጥመው» የሚለው ክርክር ከፊል እውነት አለው፤ ነገር ግን ሁልጊዜ አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ1976 ፓሪስ ላይ 9 ፈረንሳውያን ዳኞች ስሙን ሳያዩ ቀምሰው የካሊፎርኒያውን ስታግስ ሊፕ የ1973 ካበርኔ ከቦርዶው ሙቶን ሮትሺልድ የ1970 ወይን በላይ ሲያስቀምጡት የተነሣው ቅሬታ ይኸው ነበር፤ ከ30 ዓመት በኋላ ቀዮቹ እንደገና ሲቀመሱም አንደኛ የወጣው የካሊፎርኒያ ወይን ሆነ።

ስትደግሙት ሁለቱንም ከአንድ ሰዓት በፊት ከፍታችሁ፣ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ አቀዝቅዛችሁ፣ በአንድ ዓይነት ብርጭቆ ቅዱ፤ የጠርሙሱም አንገት ይሸፈን። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ብርጭቆ ይቅረብለት፤ በሁለቱ ውስጥ ያለው አንድ ወይን ይሁን። ልዩውን ብርጭቆ መለየት ያቃተው ሰው፣ ወንድምዎም ቢሆኑ፣ ድምፁ አይቆጠር።