ሻምፒዮን የነበረ ሰው ጎበዝ አሰልጣኝ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? ከጓደኛዬ ጋር ተከራክረን ነው የምጽፍላችሁ። እሱ "ራሱ ኦሊምፒክ ያሸነፈ ሰው ሌላውን ማሰልጠን አይሆንለትም፣ ትዕግስት የለውም" ይላል፣ እኔ ደግሞ አልዋጥልህ አለኝ። በበረዶ ላይ የፍጥነት ሸርተቴ እንዲህ አይነት ሰው ካለ ንገሩኝና አፉን ላስይዘው።

መልስ፦ አለ እንጂ ወንድሜ! ፒተር ሙለር የሚባል አሜሪካዊ አለልህ። እ.ኤ.አ. በ1976 ኢንስብሩክ ላይ የወንዶች 1000 ሜትር ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ውስጥ ሲገባ ወርቁን የወሰደው እሱ ነው፣ 1 ደቂቃ ከ19.32 ሰከንድ። ጫማውን ሰቅሎ ወደ ማሰልጠኑ ከገባ በኋላ ደግሞ ዳን ጃንሰን እጁ ላይ ወደቀ።

ጃንሰን በ500 ሜትር ከዓለም ፈጣኖች አንዱ ነበር፣ ኦሊምፒክ ሲደርስ ግን እድል ፊቷን ታዞርበታለች። 1988 ካልጋሪ ላይ ውድድሩ ቀን ጠዋት እህቱ ጄን በደም ካንሰር አረፈች፣ እሱም ወጥቶ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ወደቀ፣ ከአራት ቀን በኋላ 1000ው ላይም ደገመው። 1992 ባዶ እጁን ተመለሰ። 1994 ኖርዌይ፣ ሃማር፣ 500ው ላይ ሸርተት አለና እጁ በረዶውን ነካ፣ በቃ 8ኛ። የቀረችው 1000 ሜትር ብቻ ናት፣ እሷን ደግሞ አይወዳትም፤ የስነልቦና ባለሙያው "1000 ሜትር እወዳለሁ" እያልክ በየቀኑ ጻፍ እስኪለው ድረስ!

ታዲያ ያቺ ጃንሰን የማይወዳት ርቀት የአሰልጣኙ የወርቅ ርቀት መሆኗን ልብ በልልኝ። ሙሉ ዙሩ 400 ሜትር ስለሆነ 1000 ሜትር ሁለት ዙር ተኩል ናት፣ አሰልጣኙ ጠርዝ ላይ ቆሞ ሰዓት የሚጮህበት ጊዜ በጣም ጥቂት ነው፣ እግር ሲዝል ምን እንደሚሰማ ራሱ የቀመሰ ሰው በዛች ቅጽበት ምን ማለት እንዳለበት ያውቃል ባይ ነኝ። ጃንሰን በ1 ደቂቃ ከ12.43 በዓለም ክብረ ወሰን ወርቁን ወሰደ፣ ከአሰልጣኙ ወደ 7 ሰከንድ ፈጥኖ (ኢንስብሩክ ሜዳ ላይ፣ ሃማር ግን አዳራሽ ውስጥ ነውና እኩል አይወዳደሩም)። ከዛ በእህቱ ስም የተጠራችውን ህፃን ልጁን ጄንን አቅፎ ዙሩን ዞረ።

ሙለር በዚህ አላበቃም፣ 1998 ናጋኖ ላይ ሆላንዳዊቷ ማሪያነ ቲመር በ1000ም በ1500ም ወርቅ ስትወስድ አሰልጣኟ እሱ ነበር።

ጓደኛህ አሁንም እምቢ ካለ ይሄን ጨምርለት፦ ጃንሰን ራሱ በኋላ የቺካጎ ብላክሆክስን የሆኪ ተጫዋቾች በረዶ ላይ መንሸራተት አሰልጥኗል።