ቦታ ማስያዝ በማን በኩል? ለሐዋሳ ወጣት አስጎብኚዎች

ይድረስ በአስጎብኚነት ሥራ ላይ ላላችሁና ወደ ሥራው ለመግባት ለምታስቡ ወጣቶች፤

ጉብኝታችንን በኦንላይን የጉዞ ገበያዎች ላይ እናውጣው ወይስ እንግዳው በቀጥታ ወደ እኛ እንዲመጣ እንድከም የሚለውን ጥያቄ ከእናንተ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ክርክሩ ዘወትር የሚጀምረውም የሚያልቀውም ኮሚሽን ላይ ነው። አንዱ ወገን «የገቢያችንን ሩብ ለማናውቀው ድርጅት ለምን እንሰጣለን?» ይላል፤ ሌላው «ያለ እነሱ ማን ያውቀናል?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው። በዚህ ሙያ ላይ ፀጉሩን ያሸበተ ሰው እንደመሆኔ ግን፣ ከገንዘቡ ይበልጥ ሊያሳስባችሁ የሚገባው እንግዳው ከመምጣቱ በፊት ከእናንተ ጋር መነጋገር መቻሉ፣ በዕለቱም አንድ ነገር ቢጓደል ማን እንደሚጠየቅ ሁለታችሁም አስቀድማችሁ ማወቃችሁ ነው እላለሁ። ኮሚሽኑንም በዚሁ ሚዛን ብንመዝነው ይሻላል።

እነዚህ ገበያዎች ምን እንደሆኑ ሳያጣሩ የሚያሞግሷቸውም የሚረግሟቸውም ብዙ ናቸው። ቪያተር እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተና በ2014 በትሪፕአድቫይዘር የተገዛ ነው፤ ጌትዩርጋይድ ደግሞ በ2009 ተቋቁሞ ዋና መሥሪያ ቤቱ በርሊን ይገኛል። ሐዋሳ ላይ መኪና፣ ጀልባም ሆነ አስጎብኚ የላቸውም፤ ያላቸው ፈላጊና ተፈላጊን የማገናኘት አቅም ነው። በእኛ አገር ቤት የሚያከራየውም ሆነ በሬ የሚሸጠው ሰው ደላላ እንደሚፈልግ ሁሉ፣ ሐዋሳ ያለው ታቦር ተራራ የት እንዳለ ሰምቶ የማያውቅ የሙኒክ ነዋሪ ከእናንተ ጋር የሚገናኘው በእነሱ በኩል ነው። ያገናኘ ደላላ ድለላው ይገባዋል። ስለዚህ ኮሚሽኑን እንደ ዘረፋ አትቁጠሩት፤ ካርድ መቀበሉን፣ የገንዘብ ተመላሽ ማድረጉን፣ በብዙ ቋንቋ ማስተዋወቁን እነሱ ችለውላችኋል።

ይሁንና ሒሳቡን ዓይናችሁን ገልጣችሁ ሥሩት። ኮሚሽኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። ለምሳሌ የግማሽ ቀን ጉብኝት ለሁለት ሰው በ100 ዶላር አውጥታችሁ 25 በመቶው ቢቆረጥ እጃችሁ የሚገባው 75 ነው። ከዚህ ላይ ጀልባው፣ መኪናው፣ ነዳጁ፣ የመግቢያ ክፍያውና የአስጎብኚው አበል ይወጣል። ገንዘቡ የሚላከው ደግሞ ጉብኝቱ ከተፈጸመ በኋላ በመሆኑ ወጪውን ሁሉ አስቀድማችሁ ከኪሳችሁ ትሸፍናላችሁ። ይህ እንኳን እናንተው ራሳችሁ ስታወጡት ነው። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ሌላ ነው፦ ውጭ አገር ያለ ወኪል ጉብኝቱን በገበያው ላይ ይሸጣል፣ ለአዲስ አበባ ድርጅት ያስተላልፋል፣ ያ ድርጅት ደግሞ ሐዋሳ ላለው ልጅ ይደውላል። እንግዳው 100 ዶላር ከፍሎ ሐይቁ ዳር ሲቆም፣ ፊት ለፊቱ ያለው አስጎብኚ የመጨረሻዋን ፍርፋሪ የተቀበለ ሰው መሆኑን በምን ያውቃል? የሕይወት አድን ጃኬቱ አሮጌ ሆኖ ሲያገኘው የሚቆጣው ከፊቱ ባለው ሰው ላይ ነው፤ መጥፎ አስተያየት ሲጽፍም የሚጠቅሰው የዚያኑ ሰው ስም ነው። እንዲህ ባለ ሰንሰለት መጨረሻ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ቢያንስ ሥራውን ከመቀበላችሁ በፊት እንግዳው ምን እንደተነገረውና ምን ያህል እንደከፈለ ጠይቁ። አልነግርም ያለ ድርጅት የሚደብቀው ነገር አለው።

ለገበያው የሚስማማው አጭርና ቅርጹ የማይለወጥ ጉብኝት ነው። ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ ወደ አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶና አምባዛ የተባሉትን ዓሦች ሲያራግፉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም የተጣለላቸውን አንጀት ሲሻሙ ማየት፣ ከዚያ በጀልባ ወጥቶ ጉማሬ መፈለግ፣ ሲመለሱም የዓሣ ሾርባ መቅመስ፤ ይህ ዛሬም ነገም ያው ስለሆነ ዋጋውም ሰዓቱም አስቀድሞ ሊቆረጥ ይችላል። እንግዳው ማታ አልጋው ላይ ሆኖ በስልኩ ይይዘዋል፣ ለእናንተም ማረጋገጫው ወዲያው ይደርሳችኋል።

ችግሩ የሚመጣው እዚህች ማረጋገጫ ላይ ነው። ቫውቸሩን፣ ማለትም ገበያው የሚልክላችሁን የማረጋገጫ ወረቀት፣ ስትከፍቱ የምታዩት ስም፣ «ሁለት አዋቂ አንድ ሕፃን»፣ ቀንና «7:00» የሚል ቁጥር ነው። ይህን ቁጥር እንዳለ ለጀልባ ነጂው ብትነግሩት የሚሰማው ሰባት ሰዓት ነው። እንግዳው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የሆቴሉ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ጀልባው ከምሳ በኋላ፣ ነፋሱ ተነሥቶ ሐይቁ በሚናወጥበት ሰዓት ተዘጋጅቶ ይመጣል። ቀኑም እንዲሁ ያሳስታል፤ በጥቅምት 3 እና በኦክቶበር 3 መካከል የአሥር ቀን ገደማ ልዩነት አለ፣ ጽሑፉ «10/3» የሚል ከሆነ ደግሞ የትኛው ወር የትኛው ቀን እንደሆነ ራሱ ያጠራጥራል። ስለዚህ ቫውቸር በደረሳችሁ ቁጥር በሁለቱም አቆጣጠር፣ በሁለቱም ሰዓት፣ የወሩን ስም በፊደል ጽፋችሁ ለእንግዳውም ለጀልባ ነጂውም ላኩ። ገበያዎቹ ለእንግዳው መልእክት የምትልኩበት መንገድ ይሰጧችኋል፤ የሚያሳዝነው ብዙዎቻችሁ ሲመች ብቻ ነው የምትጠቀሙበት። የሕፃኑን ዕድሜ የጠየቀ አስጎብኚ በልኩ ጃኬት ይዞ ይጠብቃል፤ ያልጠየቀ እናቲቱ ፊት ቆሞ ያፍራል።

በሌላ በኩል ወደ ገበያ ሊወጡ የማይገባቸው ነገሮች አሉ፤ የፊቼ ጫምባላላን ያህል ግልጽ ምሳሌ አላገኘሁም። የሲዳማ ሕዝብ ዘመን መለወጫ የሆነው ይህ በዓል እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል፣ በዚህም የተነሣ ስለ በዓሉ የሚጠይቅ የውጭ እንግዳ አይጠፋም። ቀኑን የሚወስኑት ግን አያንቶዎች ናቸው፤ የከዋክብትንና የጨረቃን አካሄድ ተመልክተው ለሽማግሌዎች ይናገራሉ፣ ከዚያ በኋላ ነው ለሕዝብ የሚታወጀው። የኦንላይን ገበያው ካላንደር ከወራት በፊት የተቆረጠ ቀን ካልተሞላለት አይሸጥም። ስለዚህ አንዳንዱ ያለፈውን ዓመት ቀን ገምቶ ያስቀምጣል፤ እንግዳው በረራውን ገዝቶ ሲመጣ በዓሉ የሚከበርበት ጉዱማሌ ባዶ ሜዳ ሆኖ ይጠብቀዋል። በቀጥታ የሚጻጻፍ አስጎብኚ ግን «በዓሉ በዚህ ወቅት አካባቢ ይውላል፣ ቀኑ ሲታወጅ በዚያው ዕለት አሳውቅሃለሁ፣ የበረራ ቲኬትህን የሚቀየር አድርገህ ግዛ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ያን እንግዳ የበዓሉ ጭፈራ በሆነው ቀጤላ መሐል አስገብታችሁ፣ በአንድ ቤተሰብ ቤት ከቆጮና ከቅቤ የሚሠራውን ቡርሳሜ አብልታችሁ የምትመልሱት ከሆነ ከወዳጆቹ ጋር ተመልሶ ይመጣል። ሰው ቤት እንግዳ ይዞ ለመግባት ፈቃድ የሚጠይቀውም፣ ፎቶ ማንሳት የሚገባበትንና የማይገባበትን የሚያስረዳውም ጨዋ አስጎብኚ እንጂ «አሁኑኑ ያዝ» የሚለው ቁልፍ አይደለም።

የባሌ ተራሮች ጉዞም ከዚሁ ወገን ነው። ከሐዋሳ ተነሥቶ በሻሸመኔና በዶዶላ አልፎ ዲንሾ የሚገባ፣ ከዚያም ቀይ ቀበሮ ለማየት ሳነቴ አምባ ላይ የሚወጣ ሰው ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ይቆማል፤ የአምባው ከፍተኛ ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። እንዲህ ያለውን ጉዞ ሐይቅ ዳር በለበሱት ስስ ሸሚዝ አይወጡትም። የእንግዳውን ጤና፣ ዕድሜ፣ የመንገዱን የወቅቱ ሁኔታ፣ የሚያድርበትን ቦታ ተነጋግሮ መስማማት ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ብዙ ደብዳቤ የሚፈልግ ሥራ ነው። ረዘም ያለና የሚለዋወጥ ጉዞ በቀጥታ ይሁን የምለው ኮሚሽን ለማዳን ብዬ ብቻ አይደለም።

እንግዲህ በቀጥታ ይምጣ ስንል እንግዳው የሚፈራውን አትናቁበት። በገበያው በኩል ሲይዝ ብዙውን ጊዜ ጉብኝቱ ሊጀመር 24 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ቢሰርዝ ገንዘቡ ይመለስለታል። ለእናንተ ሲልክ ግን ዓይቶት ለማያውቀው ሰው ቀብድ መላኩ ነው፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አመነታለሁ። ፍርሃቱን የምታስወግዱት «እመነኝ» በማለት አይደለም። የንግድ ፈቃዳችሁንና የብቃት ማረጋገጫችሁን ሳትጠየቁ አሳዩ። የባንክ ሒሳቡ በድርጅቱ ስም ይሁን፤ በአክስት ልጅ ስም የተከፈተ ሒሳብ መላክ ከሌባ ተራ ያስቆጥራል። ቀብዱ ስንት እንደሆነ፣ እንግዳው ሲሰርዝ ምን ያህሉ እንደሚመለስ፣ እናንተ ብትሰርዙ ደግሞ ሙሉው በስንት ቀን እንደሚመለስ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ከክፍያው በፊት ላኩ። በዋትስአፕ ለሚመጣ ጥያቄ በዕለቱ መልስ ስጡ፤ ቀኑ ከተያዘም «ተይዟል» በሉ እንጂ «ችግር የለም» አትበሉ። «ችግር የለም» የሚለው ቃል ስንት ችግር እንዳመጣብን እኔ አውቃለሁ።

አንድ የማልወደው ልማድ እየተስፋፋ ነው። በገበያው በኩል የያዘን እንግዳ «እዚያ ሰርዝና ለእኔ በጥሬው ክፈል፣ ቀንሼ እወስድሃለሁ» ማለት የገባችሁትን ውል ማፍረስ ነው፤ ገበያው ቢደርስበት ያስወጣችኋል፤ እንግዳውም ሌላውን ያታለለ እኔንም ያታልለኛል ብሎ በልቡ ይይዛል። ስማችሁን አይቶ በራሱ ፈልጎ በቀጥታ የጻፈላችሁ፣ ወይም ከዓመት በኋላ ለሌላ ጉዞ የተመለሰ እንግዳ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እሱ በራሱ ፈቃድ መጥቷል፣ ቢሆንም የፈረማችሁት ውል ስለ ዋጋ ምን እንደሚል አስቀድማችሁ አንብቡ። ለእንደዚህ ያለው ሰው ዋጋ ከመቀነስ ይልቅ ነገር ጨምሩለት፦ ወንዶ ገነት ፍል ውኃው ጋር ትንሽ ተጨማሪ ጊዜ፣ ወይም ወደ ሰንቀሌ የዱር እንስሳት መጠለያ ወጥቶ ቆርኬ ማየት። የተቀነሰ ዋጋ ከተለመደ ወደ ላይ አይመለስም።

ስለ አስተያየት ብዙ አልልም። በአንድ ገበያ ላይ የተጻፈላችሁ ምስጋና እዚያው ይቀራል፣ ከገበያው በወጣችሁ ቀን አብሯችሁ አይወጣም፤ ስለዚህ በቀጥታ የመጣ እንግዳ በጉግል ካርታ ላይ በድርጅታችሁ ስም እንዲጽፍላችሁ በጨዋነት ጠይቁ። ዋጋን በተመለከተ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከወራት በፊት በብር የተስማማ ሰው ምን እንደገጠመው አይታችኋል። ለውጭ እንግዳ በውጭ ምንዛሪ ዋጋ ቁረጡ፤ ከጀልባና ከመኪና ባለቤቶች ጋር ግን ዋጋውን በየወቅቱ እየተነጋገራችሁ አድሱ።

የአገር ውስጥ እንግዳን ደግሞ አትርሱ። ከአዲስ አበባ ለቅዳሜና እሑድ ወርዶ ቤተሰቡን የሚያዝናናው ሰው ቪያተርን አይከፍትም፤ ስልክ ይደውላል፣ በቴሌግራም ፎቶ ይጠይቃል፣ በቴሌብር ይከፍላል። ይህ እንግዳ ያለ ኮሚሽን በእግሩ የመጣላችሁ ነው፤ ፈረንጅ አይደለም ተብሎ ከፊት ጀልባ ወደ ኋላ የሚገፋበትን ቀን አይቻለሁ፣ በጣምም አዝኛለሁ።

በሁለቱም መንገድ ስትሠሩ ቀኖቻችሁ የሚመዘገቡበት ቦታ አንድ ብቻ ይሁን፤ ደብተርም ይሁን ስልክ ግድ የለም። በቀጥታ ለጻፈላችሁ ሰው «እሺ» ከማለታችሁ በፊት ያንን ቀን በገበያው ላይ ዝጉት፤ አለዚያ አንዷ ጀልባ ሁለት ጊዜ ትሸጣለች። ከተሸጠችም ቅድሚያው አስቀድሞ ለከፈለው ነው፣ የትም በኩል ይምጣ። ለሌላው በዚያው ማታ ደውሉለት፣ የምታምኑትን የሌላ ድርጅት አስጎብኚ በስሙ አስተዋውቁት፣ የዋጋ ልዩነት ካለም ልዩነቱን እናንተ ክፈሉ።