«ቤተሰብ» ይባል ወይስ «አባወራ»?

ጥያቄ፦ በኮዬ ፈጬና በቂሊንጦ አካባቢ ለኑሮ ጥናት መረጃ እሰበስባለሁ። መጠይቁ «በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ስንት ሰው አለ?» ይላል። አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ሦስት የፋብሪካ ሠራተኞችን ስጠይቅ «እኛ ቤተሰብ አይደለንም፤ ቤተሰቦቻችን ክፍለ ሀገር ናቸው» አሉኝ። ባልደረባዬ «ቤተሰብ» ቀርቶ «አባወራ» ይባል ይላል። የቱ ይሻላል? አባወራስ የሚጻፈው ተያይዞ ነው ተለያይቶ?

መልስ፦ ልጆቹ ያሉት ጥሩ አማርኛ ነው፤ መጠይቁም አልተሳሳተም። «ቤተሰብ» ከግእዙ ቤተ ሰብእ የመጣ ነው፣ የቤት ሰው እንደ ማለት። ቃሉ በራሱ የሥጋ ዝምድና አይጠይቅም። የዛሬው ከተሜ ግን ወደ ዝምድናው አድልቶበታል፤ ወጣቱማ «ቤተሰቦቼ» ሲል ብዙ ጊዜ እናትና አባቱን ማለቱ ነው። የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች የያዙት የፊተኛውን ትርጉም ነው፦ ተዛመዱም አልተዛመዱም አብረው የሚኖሩና ማብሰያቸው የጋራ የሆነ ሰዎች። ብቻውን የሚኖር ሰው ራሱን የቻለ አንድ ቤተሰብ ነው። ደባልም ለብቻው የሚያበስል ከሆነ ሌላ ቤተሰብ ተብሎ ይመዘገባል። ሦስቱ ልጆች አዋጥተው አስቤዛ ገዝተው በአንድ ምድጃ የሚያበስሉ ከሆነ ወደዱም ጠሉም አንድ ቤተሰብ ናቸው።

ይህ የቃል ጨዋታ እንዳይመስልህ፤ ውጤቱ ድህነት ስሌት ውስጥ ይገባል። ልጃቸው ዱባይ የሄደባቸው አንዲት እናት «ስንት ናችሁ?» ሲባሉ «አምስት» ይላሉ። ልጃቸውን እንዴት ይዝለሉት! ቤቱ በወር የ12,000 ብር ፍጆታ አለው እንበል። ለአራት ሲካፈል ለነፍስ ወከፍ 3,000 ይደርሳል፤ የሌለው ልጅ ሲጨመር 2,400። ማዕዱ ሳይጎድል ቤቱ በወረቀት ላይ ደኸየ። (አንዳንድ ጥናት በነፍስ ወከፍ ፈንታ ሕፃኑን ከአዋቂው አሳንሶ በሚቆጥር ሚዛን ያካፍላል፤ የዱባዩ ልጅ ግን በዚያም ያዛባል።)

ነገሩን በሙከራ ያዩትም አሉ። ሎሪ ቢማንና አንድሪው ዲሎን የተባሉ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች ማሊ ውስጥ ለተለያዩ መላሾች የተለያየ የቤተሰብ ፍቺ በዕጣ መድበው ጠየቁ፤ ውጤቱ በ2012 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ታተመ። ፍቺው ላይ ተጨማሪ መስፈርት ሲገባ ቤተሰቡ ያንሳል ተብሎ ይጠበቅ ይሆናል፤ እነሱ ያገኙት ግን መብዛቱን ነው። የአባላቱም ስብጥር ተለወጠ።

ወደ ባልደረባህ ሐሳብ ስንመጣ፣ «አባወራ» ለገጠር ቆጠራና ለዕድር መዝገብ የተመቸ ቃል ነው። «ሁለት መቶ አባወራ ተፈናቀለ» ሲባል ሁለት መቶ ወንድ ማለት እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። ለአንተ ሥራ ግን አልመክረውም። «ወራ» ቤቱን ከነሰዉ የሚገልጽ የቆየ ቃል ቢሆንም፣ ፊት የቆመው «አባ» ጠያቂውንም መላሹንም ወንድ እንዲፈልጉ ያደርጋቸዋል። ሦስቱን ልጆች «አባወራችሁ ማነው?» ብትላቸው ስቀው ይሸኙሃል። «እማወራ» ማለትም አያወጣህም፤ በሰው አፍ ባል የሌላትን ወይም ባሏ የራቃትን ሴት ወደ ማመልከቱ ያዘነብላልና።

እኔ ብሆን «ቤተሰብ»ን ለሪፖርቱና ለሠንጠረዡ ትቼ በር ላይ አልጠራውም። «ማታ እዚህ የሚያድረው ማን ማን ነው? ከመካከላችሁ ለብቻው የሚያበስል አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ያን ጊዜ የዱባዩ ልጅ ራሱ ይወጣል፣ ደባሉም ቦታውን ያገኛል። ስንት ወር የራቀ ሰው ከቁጥር እንደሚወጣ ግን ከጥናቱ መመሪያ አረጋግጥ። «የቤተሰብ ኃላፊ» የሚለውንም እንዲሁ አድርገው፤ «ኃላፊ» ሲባል ሰው ቢሮ ይታየዋል፣ «የቤቱን ነገር የሚወስነው ማነው?» ይበቃል።

አጻጻፉን በተመለከተ አያይዘው። ብዙ ቁጥሩ «አባወራዎች» እንጂ «አባቶች ወራ» አይደለም።