የጄኔሬተራችሁ ባትሪ ለምን አይሞላም? ጥያቄና መልስ

መብራት ሲጠፋ አነስተኛ የቤንዚን ጄኔሬተር የምታስነሱ የፒያሳና የመርካቶ ነጋዴዎች ስለ ባትሪው ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል። የምችለውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፒያሳ ካፌ አለኝ። ጄኔሬተሩ በቁልፍ አልነሳ እያለ በገመድ እየጎተትን ነው የምናስነሳው። በስድስት ወር ሁለት ባትሪ ቀየርኩ። ሦስተኛ ልግዛ?

መልስ፦ አትግዢ፣ እህቴ። መጀመሪያ ለኪ። ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ ባትሪው ላይ ቴስተሩ (የቮልት መለኪያው) 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ባትሪው ሙሉ ነው፤ 12 ካሳየ ሊያልቅ ተቃርቧል። ከዚያ ሞተሩን አስነስተሽ እዚያው ባትሪው ላይ ድገሚ። ከ13.5 እስከ 14.7 ከወጣ እየሞላ ነው። ቁጥሩ ካልተነሣ ግን ባትሪው ተበዳይ እንጂ በዳይ አይደለም። አደራ፣ ለልኬት ብለሽም ቢሆን ቤት ውስጥ አታስነሺው፤ ጭሱ ይገድላል።

ጥያቄ፦ ለካሁት፣ ቁጥሩ አልተነሣም። ቀጥሎስ?

መልስ፦ ፊውዙን እዪ፤ የባትሪውን ጫፎች ከነጩ ዝገት አጽጂ፤ ማሳውን፣ ማለትም የባትሪውን ኔጌቲቭ ከሞተሩ ብረት ጋር የሚያገናኘውን ገመድ፣ አጥብቂ። ከዚያ የባትሪውን ቻርጅ ወደምትቆጣጠረው ሬጉሌተር ሂጂ፤ ሞተሩ ላይ በብሎን የታሰረችው ባለ ክንፍ የአሉሚኒየም ቁራጭ ናት። በብዙ ሞተሮች ላይ ማሳ የምታገኘው በገዛ አካሏ ስለሆነ ከብረቱ ጋር በደንብ መነካካት አለባት። ባለፈው ክረምት ከሶማሌ ተራ አንድ ጄኔሬተር መጣልኝ፤ ባለቤቱ ሦስት ባትሪ ገዝቶለታል። ሬጉሌተሩን ስፈታ ሥሩ ሰማያዊ ቀለም ተለቅልቋል። ዕቃው እንዲያምር ሲቀባ ማሳውም አብሮ ተሸፍኖ ኖሯል! በቢላ ጫፍ ፍቄ ብረቱ ሲያብለጨልጭ መልሼ አሰርኩት፤ 12.3 የነበረው 14.1 ገባ። ለዚህ ነው ሳይለኩ ባትሪ የሚሸጡ ሰዎች የሚያንገበግቡኝ።

ጥያቄ፦ ማሳው ደህና ነው። የተበላሸው ሬጉሌተሩ ይሁን ኮይሉ በምን ልወቅ?

መልስ፦ ሞተሩን አጥፍተህ የቻርጁን ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው ኮይል ወደ ሬጉሌተሩ የሚመጡትን ሁለት ሽቦዎች ንቀል። ቴስተሩን ተለዋዋጭ ቮልት (AC) ላይ አድርገህ ሞተሩን በሙሉ ፍጥነት እያሠራህ በሁለቱ መካከል ለካ። ለባትሪው 15 አምፔር አካባቢ በሚሰጡ ሞተሮች በደቂቃ 3,600 ዙር ላይ 28 ቮልትና ከዚያ በላይ የተለመደ ነው። የእኛ 50 ኸርዝ ጄኔሬተር በ3,000 ዙር ስለሚሠራ ዝቅ ይላል፤ ትክክለኛው ቁጥር በሞተሩ መመሪያ ላይ አለ። ዜሮ ከሆነ ቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረው ባለ ማግኔት ከባድ ክብ ብረት) ሥር ያለው ኮይል ሄዷል። ከኮይሉ ደህና እየወጣ ባትሪው ካልሞላ፣ ሽቦውና ፊውዙም ደህና ከሆኑ ሬጉሌተሩን ቀይር።

ጥያቄ፦ ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን ንቀለው፣ ካልጠፋ ቻርጅ ያደርጋል ማለት ነው ይሉኛል።

መልስ፦ ተው፣ ወንድሜ! የእነዚህ ሞተሮች ካንዴላ እሳት የሚያገኘው ከቮላኖው ማግኔት ስለሆነ አብዛኞቹ ያለ ባትሪም ይሠራሉ። ሙከራው ምንም ሳይነግርህ ሬጉሌተሩን ሊያቃጥልብህ ይችላል።

ጥያቄ፦ የእኔ 15.8 ያሳያል።

መልስ፦ ሬጉሌተሩ መቆጣጠር አቅቶታል፤ የባትሪውን ውሃ አፍልቶ ሳይጨርሰው ዛሬውኑ ቀይረው። ውሃው ከጎደለም የተጣራ የባትሪ ውሃ እንጂ የቧንቧ አትጨምር።

ጥያቄ፦ ማታ ሞልቶ ያደረ ባትሪ ጠዋት ባዶ ይሆናል።

መልስ፦ ማታ የሬጉሌተሩን ሶኬት ነቅለህ አሳድር። ጠዋት ሙሉ ሆኖ ካገኘኸው ኤሌክትሪኩ ሲያፈስ ያደረው በእርሱ በኩል ነው። ያኔም ባዶ ከሆነ ባትሪውን ብቻውን ነቅለህ አሳድረው፤ ብቻውንም ካለቀ፣ አሁን አዲስ ግዛ።